ሰሚራን ላመጣ ሄጄ ገመድ ይዤ ተመለስኩ

አልሄደም ብሎ ነገር ምንድነው? ሄጃለሁ! ማነው ደግሞ "መርካቶ ጁስ ሲጠጣ ሰንብቶ መጣ" ያለው? አንተ ጎማ የምትለጥፈው ነህ አይደል፣ ድምፅህን አውቀዋለሁ። "እህቱን ሊያመጣ ሄዶ እጁን እያወዛወዘ ተመለሰ፤ እውነት ቢሄድ ኖሮ ይዟት ይመጣ ነበር" እያላችሁ ባጃጅ ተራ ላይ ስትስቁብኝ ሰምቻለሁ። እንግዲያው ስሙኝ። ሰሚራ የቀረችው እኔ ስላልሄድኩ አይደለም። ስለሄድኩ ነው። ባልሄድ ኖሮ ይሄኔ ቤቷ ነበረች።

ለማያውቀኝ ሰው፣ ጀማል እባላለሁ፣ ቡታጅራ ባጃጅ እነዳለሁ። ከእኔ የተሻለ ነጂ አለ የሚል ካለ አስፋልት ላይ እንገናኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያለቀው። አባታችን ሲታመም ከሁለታችን አንዳችን መሥራት ነበረብን፤ ሰሚራ ጎበዝ ነበረች፣ እኔ ቆንጆ ነበርኩ፣ ስለዚህ እሷ ተማረች። ይሄን የምጽፈው በስልኬ ነው። ፊደል ከሳትኩ የጣቴ ውፍረት ነው።

ሰሚራ ታላቄ ናት። አዲስ አበባ፣ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ አንድ የግል ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ሂሳብ ታስተምራለች። ከሄደች አራት ዓመት ሆናት። እናቴ ግን ሱቅ እንደላከቻት ነው የምታስበው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በር ላይ ትቆምና "ይቺ ልጅ የት ቀረች?" ትላለች። በየቀኑ። ባጃጄን አቁሜ ስገባ በየቀኑ እሰማታለሁ። መጀመሪያ እስቅ ነበር፣ በኋላ ተውኩት።

በቅርቡ እዚሁ ከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሂሳብ አስተማሪ ቦታ ተገኘ። አጎታችን ሰው አናግሮ አመቻቸ፤ ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ ተባለ። እናቴ የሰሚራን ክፍል ቀለም አስቀባች፣ አረንጓዴ፣ ያንን ሰሚራ የምትጠላውን አረንጓዴ። ከዚያ ጠራችኝ።

"በስልክ ስነግራት 'እሺ እማ' ትለኝና አትመጣም። አንተ ሂድና ፊቷ ቁም። ይዘሃት ና።"

ቂቤ በኮባ ጠቅልላ አስያዘችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለእናቴ ብቻ ብዬ አይደለም የሄድኩት። እኔንም ናፍቃኝ ነበር። ባጃጅ ነጂ አይናፍቅም ያለው ማነው?

ሐሙስ

ጠዋት መናኸሪያ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዝኩ። ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጬ አነዳዱን ሳይ ነበር፤ ማርሽ ሲቀይር ልብ ያማል። ሁለቴ መከርኩት፣ ሁለቴም "ወንድሜ፣ መውረድ ፈልገህ ነው?" አለኝ። ቂቤውን ጭኔ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ጢያን አለፍን፣ አዋሽን ተሻገርን፣ ፀሐዩ በመስኮት ገባ፣ ቂቤው ደግሞ ወጣ። እኔ አላየሁትም። ያየው አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ነው፣ ነጭ ሱሪ የለበሰው።

"ምንድነው ይሄ?" አለኝ ጉልበቱን እያየ።

"ቂቤ ነው ጋሼ፣ ይቅርታ። ግን ለጋ ነው።"

በጣቱ ነካ አደረገና አሸተተው። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ዓይኑን ጨፈነ። "እናቴን አመጣህብኝ እኮ" አለ። ከዚያ በኋላ ያ ሰው አልለቀቀኝም። አየር ጤና ስንወርድ በቂቤ የራሰ ሱሪውን ለብሶ እየመራኝ ሜክሲኮ ድረስ ወሰደኝ፣ ባቡር ላይ አሳፈረኝ። "ጉርድ ሾላ ውረድ፣ ከዚያ የኢምፔሪያል ታክሲ ያዝ" ብሎ እንደ ሕፃን አስደገመኝ። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ባቡሩ ሄደ።

ጉርድ ሾላ መውረድ ሲገባኝ አያት ወረድኩ። ባቡሩ ውስጥ የቆምኩት እንደ ሰው አይደለም፣ እንደ ቲማቲም ሳጥን ነው። በሩ ሲከፈት "ወራጅ አለ!" ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ባቡር ላይ "ወራጅ አለ" አይባልም ለካ፣ ገፍቶ መውጣት ነው። እኛ አገር እንደዚያ ብጮህ በሩ ባይኖር ግድግዳው ይከፈትልኝ ነበር። በሩ ተዘጋ፣ ሄድን። አንዲት ልጅ "ፋራ" ስትል ሰማኋት። እኔን! ቡታጅራ ላይ የአራዶች ሊቀመንበር የሆንኩትን ሰውዬ!

ተመልሼ ጉርድ ሾላ፣ ከጉርድ ሾላ ታክሲ ይዤ ኢምፔሪያል። ስሙን ስሰማ ቤተ መንግሥት ነገር ጠብቄ ነበር፣ ቢያንስ አጥር ያለው ነገር።

"ኢምፔሪያል የቱ ጋ ነው?" አልኩት ረዳቱን።

"የቆምክበት ነዋ ነፍሴ" አለኝ።

የቆምኩት ጭስ ውስጥ ነበር። እዚህ ዓመት ሙሉ የማየውን መኪና እዚያ አንድ መብራት ላይ ተኮልኩሎ አየሁት። ሁሉም ጥሩምባ ይነፋል፣ ማንም አይሰማም።

ያሳደሩኝ ጋሽ ረዲ ናቸው፣ የአባቴ ጓደኛ የነበሩ፣ ገርጂ ውስጥ ባልዲና ጆግ የሚሸጡ። ከሱቃቸው ጀርባ አንዲት አልጋ አለች። "አልጋው ያንተ ነው" አሉኝ። "እርስዎስ?" ስላቸው "ካርቶኑ ላይ፣ ለወገቤ ጥሩ ነው" አሉ። ተከራከርን። እኔ በክርክር ተሸንፌ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን አልጋው ላይ ተኛሁ። እንቁላል ፍርፍር ሠሩልኝ። ቃሪያው እያስለቀሰኝ ስለ አገር ጠየቁኝ። እገሌ አገባ? የእገሌ ቤት ተሸጠ? መስጊዱ ጋ ያለው ዛፍ አለ? አለ አልኳቸው። "ዘንድሮ ለአረፋ እገባለሁ" አሉ። ይሄን በየዓመቱ እንደሚሉት እናቴ ነግራኛለች። ለበዓል የሚገባውን የአገር ሰው ሁሉ ሸኝተው እሳቸው ሱቅ ይገባሉ።

"ሰሚራን ልወስድ ነው የመጣሁት" አልኳቸው።

"ትመጣልሃለች?"

"እኔን እምቢ ልትለኝ?"

ጋሽ ረዲ ጆጎቹን እየደረደሩ "እኔንም ሊወስዱኝ የመጡ ነበሩ" አሉ።

አርብ

ጠዋት ቦሌን ልየው ብዬ ወጣሁ። ሕንፃው ሁሉ መስታወት ነው። አንዱ ፊት ቆሜ ፀጉሬን አስተካከልኩ፣ ጥርሴን አየሁ፣ ጎኔን አየሁ። ለካ ከውስጥ ሰዎች ስብሰባ ተቀምጠው ያዩኛል። አንደኛው እጁን አወዛወዘልኝ። እኔም አወዛወዝኩለት፣ ምን ይደረጋል? የሚገርመው ግን ያ ሁሉ ሰው ሲተላለፍ ሰላም አይባባልም። ጥቂት "ሰላም፣ ሰላም" ብዬ ሞከርኩ፤ አንዷ ቦርሳዋን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። እኔ እዚህ ከቤቴ ተራ ለመድረስ የምፈጀው ጊዜ በሙሉ ሰላምታ ነው። እዚያ ቶሎ ትደርሳለህ፣ የሚጠብቅህ ግን የለም።

ከጋሽ ረዲ ጋር ጁምዓ ሰግደን ወደ ሳሊተ ምሕረት ሄድኩ። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በር ላይ አቆመኝ።

"ማንን ፈልገህ ነው?"

"ሰሚራን።"

"የስንተኛ ክፍል ተማሪ ናት?"

"ተማሪ ሳትሆን አስተማሪ ናት።"

"እ! ሚስን ነው የምትለው!"

ሚስ! ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ዶሮ ስታባርር ቦይ ውስጥ የወደቀችውን ሰሚራን ሚስ ይሏታል።

ከዚያ ወጣች። ትከሻዋ ላይ ገመድ ተጠምጥሟል። "በግ ልትገዢ ነው?" አልኳት። "ጀሜ!" አለችና ልጆቹ እያዩ አቅፋኝ ቀረች። ከስታለች። አነጋገሯም ሸገር ሸገር ብሏል። ስትስቅ ግን ቁርጥ እናቴን ናት።

አንዲት ሻይ ቤት ገባን፣ ሳምቡሳ አዘዝን። ቂቤውን፣ ማለቴ ከሰውየው ሱሪ የተረፈውን፣ ሰጠኋት። ኮባውን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ቆየች። ሻይዋ ቀዘቀዘ። "እማ ጉልበቷን እንዴት ናት?" አለች። "በራችን ላይ ያለው ድልድይ ተሠራ?" አለች። አልተሠራም፣ በእኔ ችሎታ ነው የሚታለፈው አልኳት። ስለ ሁሉም ጠየቀች፣ ስማቸውን ስለረሳቻቸው ጎረቤቶች ሳይቀር።

"ልወስድሽ ነው የመጣሁት" አልኳት። "ቦታ ተገኝቷል። ክፍልሽ ቀለም ተቀብቷል።"

"ምን ቀለም?"

"እሱን ስትገቢ ታዪዋለሽ።"

ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ አለቀ። ነገሯን የነገረችኝ ያኔ ነው። ሰሚራ እንደ ሌሎቹ ሰሌዳ ላይ ቀመር ጽፋ "ቅዱ" አትልም። ጥያቄ ትሰጣቸዋለች፣ ገመድ ወይ ወረቀት ወይ ባቄላ ታስይዛቸዋለች፣ ራሳቸው እስኪያገኙት ትጠብቃለች። ወላጆች ደግሞ "ልጆቻችን ፈተና አለባቸው፣ ይቺ ገመድ ታስጎትታቸዋለች" ብለው ከሰዋታል። ነገ ቅዳሜ ወላጆቹ ባሉበት ታስተምራለች። ካልተወደደ ዳይሬክተሩ ቁርጡን ነግረዋታል፣ ወይ እንደ ሰው ታስቀዳለች፣ ወይ ትለቃለች።

"አላስቀዳም" አለችኝ። "ነገ ካልሆነ እሁድ አብሬህ እገባለሁ። ደክሞኛል ጀሜ። እዚያ ቢያንስ እማ አለች፣ አንተ አለህ።"

"ከሆነስ?"

"ከሆነማ እንዴት ጥያቸው እመጣለሁ?"

ገርጂ ተመልሼ ሰገድኩና ዱዓ አደረግኩ። ያ አላህ፣ የነገውን ትምህርት ብትንትኑን አውጣልኝ። እንዲህ አትዩኝ! በየቀኑ በር ላይ ያለችውን ሴትዮ የምሰማው እኔ ነኝ፣ እናንተ አይደላችሁም።

ቅዳሜ

ጋሽ ረዲ ፉል አብልተው፣ ሸሚዜን በገዛ እጃቸው ተኩሰው ላኩኝ። "የእህትህን ፊት እንዳታሳፍር" አሉ። ለምን እንደምሄድ ቢያውቁ አይተኩሱልኝም ነበር።

ትምህርቱ ክፍል ውስጥ አይደለም፣ ግቢው ላይ ነው። ግቢው በእኩል አራት ማዕዘን የሲሚንቶ ንጣፍ የተነጠፈ ነው፣ እንደኛ አቧራ አይደለም። ተማሪዎቹ ቆመዋል፣ ወላጆቹ ጥላ ሥር ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረዋል፣ ፊታቸው እንደ ባንክ ሰልፍ። ከሁሉም የተኮሳተሩት አቶ ታምራት ናቸው፣ ጉርድ ሾላ ሴራሚክ የሚሸጡ ነጋዴ። ልጃቸው ቤዛ የሰሚራ ተማሪ ናት። እኔ ከኋላ ቆምኩ፣ ሲበላሽ ለማየት።

ሰሚራ ገመዷን ዘረጋች። ጫፍና ጫፉ ታስሮ ቀለበት ሆኗል፣ ዙሪያውን ሃያ ቦታ ቋጥራዋለች። ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ የአንድ ንጣፍ ጎን ያህል ነው።

"በዚህ ገመድ መሬት አጥሩ" አለች። "አራት ማዕዘን ይሁን እንጂ እንደፈለጋችሁ አርዝሙት፣ አሳጥሩት። በአንድ ንጣፍ አንድ ሰው ይቆማል። ብዙ ሰው የሚይዘው የትኛው ነው?"

በቃ። ከዚያ ዝም አለች። ዝምታ ደግሞ እኔ አልችልም።

"ይሄ ምን ጥያቄ ነው!" አልኩ ከኋላ ጮክ ብዬ። "ገመዱ ያው፣ መሬቱ ያው! ብታረዝሚው ብታሳጥሪው ያው ሃያ ነው!"

የበርበሬ ማሳ በገመድ ሲለካ እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ እኮ። አቶ ታምራት ዞረው "ልክ ነው ልጁ" አሉ። ወላጆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሆዴ "አለቀ፣ እሁድ ይዣት እገባለሁ" አልኩ።

ሰሚራ ቅር እንኳ አላላትም። "ያው ነው የሚል ይምጣና ይቁምበት" አለች።

እኔ ተጠርቼ የምቀር ሰው ነኝ? ገባሁ። እነቤዛ ገመዱን በአራቱም በኩል አምስት አምስት ንጣፍ አድርገው ወጠሩት፣ ሰው እየገባ ቆመ። እኔ የመጨረሻው ነኝ፣ ጠርዝ ላይ። ሃያ አምስት ሰው ሞላ።

"አሁን እናርዝመው" አለች ቤዛ። "በዚህ አራት፣ በዚያ ስድስት።"

ገመዱ ሲጠብ የእኔ ረድፍ ተነሳ፣ አምስታችንም ወደተከፈተው ጎን ዞርን። ሌሎቹ ቆሙ። እኔ ቦታ አጣሁ።

"ጠጋ ጠጋ በሉ!" አልኩ። ታክሲ አይደል እንዴ፣ ሰው ሲመጣ ጠጋ ይባላል።

"በአንድ ንጣፍ አንድ ሰው!" ብለው ጮሁብኝ።

"ቆይ፣ ገመዱ ያው አይደለም? አሁን ቆሜበት የነበረው መሬት የት ሄደ?"

ያቺ ጥያቄ የእኔ ናት። ማንም አልነገረኝም፣ ተናድጄ ነው ያወጣኋት። አቶ ታምራት ከወንበራቸው ብድግ አሉ። እዚያ ሰፈር ያለ ሰው አንድ ካሬ መሬት ጠፋ ሲባል እንዴት ይቀመጣል? "ገመዱን ያላላ አለ" ብለው ቋጠሮውን አንድ በአንድ መረመሩ። ያው ሃያ ነው። ጫማቸውን አጥብቀው ገቡበት። ሌሎቹም ወላጆች እሳቸውን ሲያዩ ልጆቻቸውን እያስወጡ በቦታቸው ይቆሙ ጀመር።

ሰሚራ በየሰዉ እየዞረች ነው። አንድ ነገር ታዘብኩ፣ "ገባችሁ?" አትልም። እኛ ስንማር አስተማሪው በየደቂቃው "ገባችሁ?" ይላል፣ እኛ "አዎ!" እንላለን፣ ምኑም ሳይገባን። ለምን እንደሆነ ቤዛን ጠየቅኳት።

"ሚስ እኮ 'ገባችሁ' አትልም፤ አዎ እያልን ስለምንዋሻት። 'የት ቀረህ?' ነው የምትለው። የቀረህበትን ትነግራታለህ፣ ከዚያ ትነሳለህ።"

ሰሚራ እኔ ጋ ደረሰች። ልማድ ሆኖባት ይሁን እንጃ፣ ዓይኗ ገመዱ ላይ ሆኖ "አንተስ፣ የት ቀረህ?" አለችኝ።

የእናቴን ድምፅ ነው የሰማሁት። አፌ ቀደመኝ።

"ስምንተኛ ክፍል" አልኩ።

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅኩ፣ ቀልድ አደረግኩት፣ ያ ሥራዬ ነው። ሰሚራ ግን አልሳቀችም። ቀና ብላ አየችኝ። ቀስ ብላ "እሺ፣ ከዚያ እንነሳ" አለች። "አሁን ለምን ውጭ ቀረህ?"

"እንጃ።"

ጠበቀችኝ። ሰው እንደዚያ ጠብቆኝ አያውቅም። ንጣፉን አየሁ፣ የተነሳሁበትን ጎን አየሁ፣ የሄድኩበትን ጎን አየሁ። "ከዚያ ስንነሳ አምስት ነን" አልኩ። "እዚህ ስንመጣ ጎኑ ጠቧል፣ ቦታው ለአራት ነው። አንዱ ግድ ይቀራል።"

"በል እንግዲህ" አለችና ወደሚቀጥለው ሄደች። ጎበዝ እንኳ አላለችኝም። እኔ ግን ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። ዱዓዬን የረሳሁት እዚያ ላይ ነው።

ሦስት በሰባት አደረጉት። አራት ሰው ቀረ፣ እኔን ጨምሮ። አራታችን እዚህም እዚያም ተበትነን ቆምን። እኔ ደግሞ የባጃጅ ተራ ሰው ነኝ፣ የተበተነ ነገር አልወድም። "ተራ ያዙ! ሁለት ሁለት!" አልኩና አሰለፍኳቸው። ሁለት በስምንት ሲሆን ዘጠኝ ሰው ቀረ። "ሦስት ሦስት!" አልኩ። አቶ ታምራትም ቀርተው መጡ። "ጋሼ፣ ተራዎን ይያዙ" ስላቸው ያዙ። አንድ በዘጠኝ ሲሆን ውስጥ የቀረው እንደ ሽቦ የቀጠነ ሰልፍ ነው፣ ከፊቱ ቤዛ ቆማለች። ውጭ አሥራ ስድስት ሆንን። አራት አራት አሰለፍኩ። እንደዚያ ያማረ ሰልፍ ቡታጅራ ላይ እንኳ አሰልፌ አላውቅም።

ቤዛ ከገመዱ ውስጥ ሆና አየችን።

"ሚስ! ሚስ! የቀሩትን እዪያቸው! የቀሩትም ካሬ ናቸው!"

ቤዛ በጣቷ ትቆጥራለች። "ከአምስቱ አንድ ሲቀነስ አንድ በአንድ ቀረ። ሁለት ሲቀነስ ሁለት በሁለት። ሦስት ሲቀነስ ሦስት በሦስት። አሁን አራት በአራት!"

"ሁልጊዜ ነው እንዴ?" አሉ አቶ ታምራት።

"እንጃ" አለች ሰሚራ። "ሁልጊዜ ነው?"

ታውቀዋለች እኮ! ፊቷን አውቀዋለሁ፣ ስኳር ደብቃ "አላየሁም" ስትል የነበረችው ፊት ነው። ቤዛ ጠመኔ ይዛ ንጣፉ ላይ ተንበረከከች፣ አባቷ አጠገቧ ቁጢጥ አሉ። ከአምስት ላይ በአንድ በኩል እየቀነሰች በሌላ በኩል እየጨመረች፣ በቁጥሩ ቦታ ፊደል አስገባችበት። እኔ እዚያ ጋ ቀረሁ፣ አልዋሽም። ከኋላ አንዱ ልጅ "ሚስ፣ ክብ ብናደርገውስ?" አለ። ሰሚራም "ሰኞ" አለች።

ዳይሬክተሩ ወላጆቹን "እንግዲህ ምን ትላላችሁ?" ብለው ጠየቁ። አቶ ታምራት ሱሪያቸው ጉልበት ላይ ጠመኔ ነጭ ሆኖ ተነሱ።

"እኔ ስለ ፈተናው አሁንም እፈራለሁ" አሉ። "ግን ይቺ ልጅ በየዓመቱ ሂሳብ እንዴት ነው ስላት 'ደህና' ብላ ክፍሏ ትገባለች። ዛሬ እንደ ደላላ ተከራከረችኝ፣ በማስረጃ! ደግሞ ክቡን ሳላይማ ይሄን ነገር አልለቅም። ሰኞ እኔም እመጣለሁ።"

ወላጆቹ ሳቁ፣ ከዚያ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። ከሁሉም በላይ እኔ ነኝ ያጨበጨብኩት። መሀል ላይ ትዝ አለኝና እጄ አየር ላይ ቆመ። ሰሚራ በሰው መሀል ፈለገችኝ። ፊቷ በርቶ ነበር። እኔን ስታይ ግን ምን ማድረግ እንዳለባት ጠፋት፣ እኔም ጠፋኝ።

እሁድ

ሰሚራ ልትሸኘኝ ገርጂ መጣች። ጋሽ ረዲ ለእናቴ ብለው ባልዲ ሰጡኝ፣ ቀይ፣ ክዳን ያለው። ውስጡ ሳሙናና ተምር ሞሉበት። "ለአረፋ እገባለሁ በላት" አሉኝ። እሺ አልኩ። ማናችንም አልተያየንም።

ከሰሚራ ጋር እስከ ታክሲው ድረስ በእግር ሄድን።

"አንተ ያንን ባትጠይቅ ኖሮ እኮ ሁሉም ተቀምጠው አይተው፣ ተቀምጠው ይበተኑ ነበር" አለችኝ።

"አውቃለሁ።"

"ልትወስደኝ መጥተህ…"

"አውቃለሁ አልኩሽ እኮ። እማን ምን ልበላት?"

"እኔ እደውልላታለሁ።"

"አይ፣ እኔ ነኝ የምነግራት። ያስቀረኋት እኔ ነኝ እላታለሁ።"

ገመዱን ከትከሻዋ አውርዳ ባልዲው ውስጥ ከተተችው። "ሌላ እቋጥራለሁ፣ ይሄ ያንተ ነው" አለች።

"ክቡን ንገሪኝ በቃ፣ ሰኞ እኔ እዚህ አልኖርም።"

"አልነግርህም።"

"ወንድምሽ ነኝ!"

"ለዚያ ነዋ" አለችና ፊቷን አዞረች። ታክሲው ሲንቀሳቀስ አሁንም ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች።

የመልስ መንገዱን ብዙ የምለው የለኝም። ሹፌሩ ጥሩ ነጂ ነበር፣ ምንም አልመከርኩትም። ለሰሚራ ብዬ በሐሳቤ የያዝኩት መስኮት ጋ አንድ ወታደር ተቀመጠ፣ ቡታጅራ ድረስ ተኛ። ጢያ ላይ ዝናብ ያዘን። አዲስ አበባ ስሄድ ያስጠላኝ አቧራ ዝናብ ሲነካው እንዴት እንደሚሸት አታውቁም፣ እናንተ ሁልጊዜ እዚህ ናችሁ።

እናቴ በር ላይ ነበረች። እኔን አየች፣ ከዚያ ከኋላዬ አየች።

"የት ቀረች?"

ገመዱን አውጥቼ ሁሉንም ነገርኳት። ንጣፉን፣ ካሬውን፣ እኔ ውጭ መቅረቴን፣ የቀረነውን ማሰለፌን። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

"እና ያስቀረሃት አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ እማ።"

"ልጆቹ ይወዷታል?"

"ይወዷታል።"

ባልዲውን ተቀበለችኝ። የቀለሙ ሽታ እንዲወጣ ብላ ከፍታው የነበረውን የአረንጓዴዋን ክፍል መስኮት ዘጋች፣ ከዚያ እራት አቀረበች። አሁንም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በር ላይ ትቆማለች። ድሮ የምትለውን ግን አትልም፤ ዝም ብላ ነው የምትቆመው። ለእኔ ይሄኛው ይከብደኛል።

ተራ ላይ ገመድ ይዤ አፈር ላይ ክብ ስሠራ "ጀማል አበደ" ያላችሁትም ይሄው ነው። ክቡ አስቸግሮኛል፣ ጠርዙ ላይ ግማሽ ሰው ይመጣል፣ ግማሽ ሰው ደግሞ አይቆጠርም። እሷ ጋ ስደውል አትነግረኝም፣ "የት ቀረህ?" ትለኛለች። እኔም የቀረሁበትን እነግራታለሁ። ማውራት የምንጀምረው ከዚያ ነው፣ የምንጨርሰው ግን ክቡ ላይ አይደለም።

አሁንም አልሄደም የሚል ካለ ሰሚራን አትጠይቁ፣ እህቱ ናት አዳላች ትላላችሁ። አቶ ታምራትን ጠይቁ። ቤዛን ጠይቁ። በሩ ላይ ያለውን ጥበቃ ጠይቁ። ያን ቅዳሜ ግቢው ውስጥ የነበረ ማንንም ሰው አስቁሙና "መሬቱ የት ሄደ ያለው ማነው? የቀሩትን ያሰለፋቸው ማነው?" በሉት። የቡታጅራው ጀማል ካላላችሁ ባጃጄን ውሰዱ። ሂዱ፣ ጠይቁ! ስትነሱ ብቻ ንገሩኝ፣ እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ፤ መንገዱ እንዳይጠፋባችሁ ብዬ ነው።